የጥንት ዕቃን በቤት ውስጥ ያለ ብልጭታ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል

አባት ለልጁ የሚያወርሰው ርስትና ከብት ብቻ አይደለም። በቀደሙት ሰዎች እጅ የተሠራ የብር መስቀል፣ በብራና የተጻፈ ዳዊት፣ በዳግማዊ ምኒልክ መልክ የተመታ ብር፣ የአርበኛ ኒሻን፣ ይህ ሁሉ የቤተ ሰብ ሀብት ነው። ዳሩ ግን ዕቃ ይሰረቃል፤ ይቃጠላል፤ በእርጥበትም ይበላሻል። ዕቃው ከጠፋ በኋላ ባለቤቱ መልኩን በቃል ብቻ ቢናገር ለዳኛ የሚበቃ ማስረጃ አይሆንለትም። ስለዚህ የጥንት ዕቃ ያለው ሰው ዕቃው በእጁ ሳለ መልኩን አጥርቶ በፎቶግራፍ ማስቀረት ይገባዋል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ አለ። በላሊበላ በቤተ መድኃኔ ዓለም የሚኖረው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ. ም. ተሰርቆ ባሕር ከተሻገረ በኋላ በቤልጅየም አገር በአንድ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ወደ ስፍራው ተመልሷል። ይህ መስቀል መልኩ ለብዙ ሰው የታወቀ ነበረ። ማንም አይቶት የማያውቀው የመንደር መስቀል ቢሰረቅ ግን ይህ የእገሌ ደብር ነው ብሎ የሚመሰክርለት ማን ነው? በዚያው ዓመት ደግሞ የተሰረቀ ቅርስ የሚታወቅበት፣ ኦብጀክት አይዲ የተባለ የመግለጫ ሥርዐት ለዓለም ቤተ መዘክሮችና ፖሊሶች ወጣ። የዚህ ሥርዐት የመዠመሪያው ትእዛዝ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው፤ ይኸውም የዕቃውን ሙሉ መልክ፣ ቀጥሎም ጽሕፈቱን፣ ምልክቱን፣ የተሰበረበትንና የተጠገነበትን ስፍራ አቅርቦ ማሳየት፣ በአጠገቡም መጠኑን የሚያስታውቅ ነገር ማኖር ነው። በአገራችንም በ1992 ዓ. ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የተደነገገው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ አዝዟል።

ብዙ ሰው ግን ፎቶግራፉን ሲያነሣ ቤቱ ጨለማ ነው በማለት ፍላሽ የሚባለውን ብልጭታ ያበራል። ብልጭታ ከመሣሪያው አጠገብ ወጥቶ ፊት ለፊት ስለሚመታ ጥላን ሁሉ ያጠፋል። ጥላ ከጠፋ ደግሞ የተቀረጸው ነገር ዝርግ ይመስላል። በብርና በመስተዋት ላይ ሲያርፍም ነጭ ነበልባል ሆኖ ጽሕፈቱን ይሸፍናል። ሌባ ወይም ሻጭ ዕቃውን ሌላ ነው ብሎ የሚክደው በእነዚህ በተሸፈኑት ጥቃቅን ምልክቶች ነው። ዳግመኛም ብርቱ ብርሃን በሥዕልና በጨርቅ ቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ስለ ሆነ፣ ብዙ ቤተ መዘክሮች ብልጭታን ይከለክላሉ።

እንግዲህ ከብልጭታ የሚሻለው የመስኮት ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ እንዳሉት ቆርቆሮ የለበሱ የጭቃ ቤቶች መስኮቱ ጠባብ ቢሆን እንኳ ለአንድ መስቀል የሚበቃ ብርሃን ያስገባል። ሠፈሩ ለመርካቶ ቅርብ ነውና አሮጌ ብር ቶሎ ገዢ ያገኛል፤ ስለዚህ ሳይሸጥና ሳይቀልጥ መልኩን መያዝ በዚያ ይልቁንም የሚያስፈልግ ነው።

መስኮቱ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ይሁን። በአዲስ አበባ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መዠመሪያ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና በሰሜን በኩል ያለው መስኮት ይመረጣል፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ግን ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል የደቡቡ ይሻላል። የክረምት ደመና ብርሃኑን ያለሰልሳል። ፀሐይ ከበረታች በመስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ይጋረድ። ዕቃው በጠረጴዛ ላይ ሆኖ ብርሃኑ ከጎን ይምጣለት፤ በጨለመው ጎኑ ትይዩ አንድ ነጭ ወረቀት ቢቆም ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያሳሳዋል። የቤቱ አምፖል ይጥፋ፤ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲደባለቁ የዕቃውን እውነተኛ ቀለም ያሳስታሉና።

ብርሃኑ ጥቂት በሆነ ጊዜ መሣሪያው ዐይኑን ለብዙ ጊዜ መክፈት አለበት፤ በዚህ መካከል እጅ ቢንቀጠቀጥ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ መሣሪያው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ፣ እርሱ ከሌለ በዱካ ላይ በተቀመጠ ጤፍ የተሞላ ከረጢት ላይ ይደገፍ። ከዚህ በኋላ ሁለት ሰኮንድ ቈይቶ ራሱ እንዲያነሣ ቢደረግ የጣት ንቅናቄ እንኳ አይነካውም። ካሜራ ያለው ሰው አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቍጥር 100፣ የዐይኑን መክፈቻ ቍጥር 8 አድርጎ ጊዜውን ግማሽ ሰኮንድም ቢሆን ሊያስረዝመው ይችላል። በስልክ የሚያነሣ ሰው መስተዋቱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረግ፤ በስልኩ ማጕሊያ ከማቅረብ ይልቅ ራሱ ይቅረብ፤ በስልኩ ገጽ ላይ የዕቃውን መልክ በጣቱ ነክቶ ጥቂት ቢይዝ ስልኩ ጥራቱንና ብርሃኑን በዚያ ያጸናል።

ለየዕቃው የሚስማማ ብርሃን ልዩ ልዩ ነው። የተመታ ብር ዝቅ ብሎ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይሻል። የምኒልክ ብር አንበሳ ያነሣው የግራ ወይም የቀኝ እግሩን መሆኑ አንዱን እትም ከሌላው ይለያል፤ 1780 የሚል ዓመት ባለበት በማርያ ትሬዛ ብርም ላይ የቀድሞ ነጋዴዎች የጌጡን ዕንቍ ይቈጥሩ ነበር። ይህ ሁሉ የሚታየው ጥላው ሲወድቅ ነው። አሮጌ ብር ለፎቶግራፍ ተብሎ አይወልወል፤ መወልወል ምልክቱን ይበላዋልና። የሚያብለጨልጭ የብር መስቀል ደግሞ ያለበትን ሁሉ እንደ መስተዋት ያሳያል፤ ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው ቢቀርበው ብሩን ቀይ ያስመስለዋል። ስለዚህ ዙሪያውን በነጭ ወረቀት ይከበብ። በመስተዋት ውስጥ ያለ ሥዕል ሲነሣ ከአንሺው በስተ ኋላ ጥቍር ጨርቅ ቢዘረጋ ነጸብራቁ ይጠፋል።

የብራና መጽሐፍ በንጹሕና በደረቀ እጅ ይገለጥ፤ ጥራዙ እንዳይሰበር ከሁለት ወገን በትራስ ተደግፎ እንጂ በግድ አይዘርጋ። ከጎን የመጣ ብርሃን ጸሓፊው ያሰመረውን መስመርና የወጋውን ቀዳዳ ሳይቀር ያሳያል። ከ1965 ዓ. ም. አንሥቶ በተሠራው ሥራ 9,000 ያህል የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኔሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ፣ ሊቃውንት በሩቅ ሳሉ ያነቧቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ግን ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አይነሣም፤ ታቦትማ ከዚህ ሁሉ የተለየ ስለ ሆነ ለፎቶግራፍ አይቀርብም።

ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ የዕቃው ስም፣ ቁመቱና ስፋቱ፣ ከማን እንደ ተወረሰና የተነሣበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ከዕቃው ጋር ማስመሪያ አብሮ ይታይ። ቅጂው ሁለት ሆኖ አንዱ ከቤት ውጭ በታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ ቤት ሲቃጠል ዕቃውና ሥዕሉ አብረው እንዳይጠፉ ነው። ዕቃው የሚኖርበት ስፍራ ግን ለሁሉ አይነገር፤ ለሌባ መንገድ ማሳየት ይሆናልና።

ይህን ሥራ መምህሩና ሽማግሎቹ ተባብረው ቢይዙት ለመንደሩ ይጠቅማል። መምህሩ መሣሪያውን ያዘጋጃል፤ ሽማግሌው የዕቃውን ታሪክ ይናገራል፤ ተማሪውም ሰምቶ ይጽፋል። ሥዕል ዕቃውን አይተካም፤ ነገር ግን ዕቃው በጠፋ ቀን የባለቤቱን ቃል የሚያጸና ምስክር ይሆናል።