ባቡሩ ወዴት ይሄዳል?

(በዴራ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከተማ ባቡር ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የከተማ ባቡር ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ልጅ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከየቀበሌያችን አይጠፋም። ከዴራ ተነሥተን አዳማ እንደርሳለን። ከአዳማ አውቶቡስ ይዘን አቃቂን አልፈን ቃሊቲ እንገባለን። ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማው ሰፊ ነው፤ ሰዉ ይቸኩላል። በሽተኛ ደግፎ የመጣ እንግዳ መንገድ ሲጠፋው ገንዘቡም ያልቃል፤ ቀኑም ይመሽበታል። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ጉዳይ ነው።

በዓለም ታላላቅ ከተሞች ብዙ ሰው የሚጓዘው ከመሬት በታች በሚሄድ ባቡር ነው። መሬቱ ይቆፈራል፤ ዋሻ ይሠራል፤ በዋሻው ውስጥ ሐዲድ ይዘረጋል። የመጀመሪያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1863 በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ተከፈተ። በአፍሪካ ቀዳሚዋ የግብፅ ከተማ ካይሮ ናት። የእሷ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1987 ነው።

እኛ እዚህ ጭላሎ ተራራን አይተን አሰላ በየት በኩል እንደሆነ እናውቃለን። ከምድር በታች ግን ተራራ አይታይም፤ ፀሐይም አትታይም። እዚያ ያለ መንገደኛ የሚመራው በምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ እንግዳውም እንደ አገሬው ይሄዳል። ምልክቱ ግልጽ ካልሆነ አገሬውም ይሳሳታል። ታዲያ ከተሞቹ ለመንገደኛው ምን አደረጉለት?

ለንደን እያንዳንዱን መስመር በቀለም ለየች። በ1933 ሃሪ ቤክ የሚባል ንድፍ ሠሪ ያዘጋጀው ካርታ ታተመ። ጠመዝማዛውን መንገድ ቀጥ ባሉ መስመሮች ስላሳየ፣ መንገደኛው ጣቢያውን ቶሎ የሚያገኝ ሆነ።

የሩሲያ ከተማ ሞስኮ በድምፅ ትረዳለች። ባቡሩ ወደ መሀል ከተማ ሲሄድ የጣቢያዎቹን ስም የሚጠራው የወንድ ድምፅ ነው። ከመሀል ወደ ዳር ሲወጣ ደግሞ የሴት ድምፅ ይጠራል። ማየት የተሳነው ሰው እንኳ አቅጣጫውን በጆሮው ይለያል።

በካይሮ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች አሉ። ይህም በግፊያ ለምትቸገር እናት ትልቅ እፎይታ ነው።

በሜክሲኮ አገር ዋና ከተማ ባቡሩ በ1969 ሲከፈት ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሥዕል ተሰጠው። የአንዱ ጣቢያ ምልክት ፌንጣ ነው፤ የሌላው ዳክዬ። ማንበብ የማይችል ሰው «ፌንጣው ጋ እወርዳለሁ» ብሎ ይሄዳል። በዚያች ከተማ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያም አለ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እኛም በአዲስ አበባ ሜክሲኮ የሚባል አደባባይና ጣቢያ አለን። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወደ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። የሚሄደው በምድር ላይና በድልድይ ላይ ነው፤ በፒያሳ በኩል ብቻ በአጭር ዋሻ ያልፋል። ሲከፈት ዋጋው እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ሁለት መስመሮች ተሠርተውለታል። ሰማያዊው ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ ምኒልክ አደባባይ እንዲሄድ የተዘረጋ ነው። አረንጓዴው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ነው።

ሁለት መስመር ብቻ መሆኑ ለእንግዳ ይቀላል። ሆኖም አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በተግባረ ዕድና በልደታ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ያልፋሉ። ጉዳዩን ጨርሶ ከሜክሲኮ ወደ ቃሊቲ የሚመለስ ሰው ያገኘውን ባቡር ዘሎ ቢገባ አያት ሊወስደው ይችላል። እስኪመለስ የአዳማው አውቶቡስ ያመልጠዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ።

አንደኛ፦ ከቤታችን ሳንወጣ የምንወርድበትን ጣቢያ ስም በወረቀት እንጻፍ።

ሁለተኛ፦ ከመሳፈራችን በፊት ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈውን እናንብብ። ከቃሊቲ ተነሥተን ወደ መገናኛ የምንሄድ ከሆነ ስታዲየም ወርደን አያት የሚለውን እንያዝ።

ሦስተኛ፦ በየጣቢያው የተለጠፈውን ስም እያነበብን እንሂድ።

ምልክት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ባቡሩም መምጣት አለበት። ለአዲስ አበባ 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። የቀሩት ሲመጡ ግፊያው ከባድ ሆነ። መስመሩ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ቃሊቲ ስንደርስ «ዛሬ እስከ የት ይሄዳል?» ብለን እንጠይቅ።

«አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» ይባላል። መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን የምንጠይቀውም ሰው ሊሳሳት፣ ሊያታልለንም ይችላል። ሰሌዳውን ራሱ ያነበበ ሰው ግን የተነገረው እውነት መሆኑን ያረጋግጣል። የሜክሲኮው ሥዕል ላልተማረ ሰው መልካም ነው፤ የእኛው ሰሌዳ ደግሞ በምናውቀው ፊደል ተጽፎልናል። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ጭምር ነው። ያልተማረ ጎረቤታችን ወደ ከተማ ሲሄድም የጣቢያውን ስም ጽፈን እንስጠው።

እስቲ አሁን ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብ፤ ከዚያም በደብተራችን እንጻፍ፦ ቃሊቲ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ፣ መገናኛ፣ አያት፣ ጦር ኃይሎች።