በኅዳግ የተጻፈውን ያነበቡ ሰው

ዛሬ የብራና መጻሕፍት ተመራማሪውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን እናስባለን። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች አዲስ አበባ ውስጥ ተኩሰው አቆሰሏቸውና ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ገቡ። እዚያም የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት የተነሡ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ያከማች ነበር።

ሥራቸው እነዚህን መጻሕፍት በካታሎግ መመዝገብ ነበር፤ ሥራውም ትዕግሥት ይፈልጋል። እያንዳንዱን ቅጠል ማየት፣ ድርሰቱን መለየት፣ ቀን ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ዘመን ከፊደሉ ቅርጽና ከተጠቀሱት ነገሥታት ስም መገመት፣ በባዶው ቅጠልና በኅዳጉ የተጫረውንም ሳይንቁ መመዝገብ። እኔን የሚደንቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የርስት ስጦታው፣ ውሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ነውና፤ ጥድፊያ የሚወድ ሰው ዘሎት ያልፋል።

ካታሎግ፣ መቼም፣ ማንም ለመዝናናት አያነበውም። እሳቸው ግን ከዚያው ክምችት መካከል በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰደዱትን መነኮሳት፣ የደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ታሪክ አውጥተው በአማርኛ አስነበቡን። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉም ድረስ በዊልቼር ተቀምጠው የሠሩት የካታሎግ ሥራ የኢትዮጵያ ጥናት ተመራማሪዎች መነሻ ሆኖ ነበር፤ ዛሬም ነው።