ወደ ኋላ የመሄድ ምኞት
(በተማሪዎች የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ ስለ አንድ ፊልም እንደምናገር ርእሱን ሳስመዘግብ አንድ ጓደኛዬ፥ «ለዚህ መድረክ የሚሆን ቁም ነገር አጣህን?» ብሎ ሳቀብኝ፡፡ አልፈርድበትም፡፡ የብረት ልብስ ለብሶ የሚበር ሰውና መብረቅ የሚጠራ ጐበዝ ያሉበት ታሪክ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፡፡ እኔ ግን ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ፤ ምክንያቱም አንድ አልነበረም፡፡ ንግግሬ በሁለቱ ልቅሶዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፡፡

ፊልሙ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የወጣው «አቬንጀርስ፥ ኤንድጌም» ነው፡፡ ታኖስ የሚባል ኃይለኛ በስድስት ዕንቍዎች ኃይል የሕያዋንን እኩሌታ ያጠፋል፡፡ ከአምስት ዓመት በኋላ የተረፉት ጀግኖች ወደ ያለፈው ዘመን ተጕዘው ዕንቍዎቹን አምጥተው የጠፉትን ለመመለስ ይነሣሉ፡፡

መጀመሪያ ያየሁት ካዛንችስ፥ በጎረቤት ቤት ነው፡፡ የግቢው ልጆች ሁሉ በአንድ አልጋ ላይ ተደራርበን ነበር፡፡ ቶኒ ስታርክ ዓለምን አድኖ ሲሞት ሁላችንም አለቀስን፡፡ በረንዳ ላይ ቡና ትቈላ የነበረች አያቴ ደንግጣ ገባችና፥ «ማን ሞተባችሁ?» አለች፡፡ ነገርናት፡፡ «ለሰው ብሎ ለሞተማ ይፎከርለታል እንጂ አይለቀስለትም» ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች፡፡

ሁለተኛ ያየሁት ከቤታችን መፍረስ በኋላ፥ እዚሁ በመኝታ ክፍሌ ነው፡፡ ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች እንደ ሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፡፡ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙው ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ፡፡ አያቴም አብራ ሄደች፡፡

በዚህ ጊዜ ያስለቀሰኝ የጀግናው ሞት አልነበረም፡፡ ቶኒ ወደ 1970 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ገና ልጅ ያልወለደ አባቱን ያገኘዋል፡፡ አባትየው አበባ ይዟል፤ የሚያናግረው ገና ያልተወለደው ልጁ መሆኑን አያውቅም፡፡ ቶኒም ማንነቱን ሳይገልጥ አመስግኖትና አቅፎት ይለየዋል፡፡ እኔም ወደ 2011 ብመለስ አያቴን በዚያች በረንዳ ላይ ምን ብዬ እንደማናግራት አሰብሁ፡፡ «ይህ ሁሉ ይፈርሳልና ደኅና አድርገሽ እዪው» እላት ነበርን? ወይስ ዝም ብዬ ቡናዋን እጠጣ ነበር?

ይሁን እንጂ ፊልሙ ስሜታችንን ቀስቅሶ ብቻ አይተወንም፤ ሕግም አለው፡፡ ያለፈውን ብትለውጥ የዛሬህ አይለወጥም፤ የወሰድኸውንም ዕንቍ ወደ ቦታው መመለስ አለብህ ይላል፡፡ ቶኒ ደግሞ በነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ሴት ልጅ ወልዷል፡፡ ስለዚህ የሚስማማው የጠፉት እንዲመለሱ እንጂ አምስቱ ዓመት እንዲሰረዝ አይደለም፡፡

ይህን ነገር በአያቴ ሕይወት አየሁት፡፡ በድሮው ግቢ አንድ መጸዳጃ ለስምንት ቤት ነበር፤ በክረምትም ጣራው ያፈስ ነበር፡፡ ይህን የረሳ ናፍቆት ሐሰተኛ ነው፡፡ በቅርቡ ስጠይቃት፥ «ሽንት ቤቱ የራሴ ነው፤ ተመስገን፡፡ ግን ቡና አፍልቼ የምጠራው ሰው የለኝም» አለችኝ፡፡ እኅቴም በአዲሱ ቤት ልጅ ወልዳለች፤ ለዚያች ሕፃን ሰፈሯ እሱ ነው፡፡ እንግዲህ ማን ነው ጊዜው ወደ ኋላ ይመለስ የሚል?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከካዛንችስ አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ አለ፡፡ አፈወርቅ ተክሌ በመስኮቶቹ ላይ የአፍሪካን ያለፈ፥ ያሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል አድርጎ በባለቀለም መስተዋት ሥሎበታል፡፡ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት ይህ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፡፡ ሰፈሩ የፈረሰውም በዚያው ሰሞን ነው፡፡ አዳራሹ በመታደሱ ደስ ይለኛል፡፡ ነገር ግን የታሪክ ክብር ለመሪዎች መሰብሰቢያ ብቻ ነውን? የዕድር ድንኳን የተተከለበት፥ ሠርግና ልቅሶ የዋለበት ግቢስ ሥዕል አያሻውምን?

የጊዜ መኪና የለንም፡፡ ብዕርና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ግን በእያንዳንዳችን ኪስ አለ፡፡ ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ፡፡ አንደኛ፥ ከቂርቆስ፥ ከካዛንችስና ከሌሎቹ ከፈረሱ ሰፈሮች የመጣን ተማሪዎች በዚህ ዕረፍት የሽማግሌዎቻችንን ቃል እንመዝግብ፤ የመንደሩን ስም፥ የጎረቤቱን ስም፥ ማን ከማን ጋር ቡና ይጠጣ እንደ ነበር፡፡ ሁለተኛ፥ የተበተኑትን እናገናኛቸው፡፡ ግድግዳውን መመለስ አንችልም፤ ሰዎቹ ግን ሕያዋን ናቸው፡፡ አንድ እሑድ ሁለት አሮጊቶችን በአንድ ረከቦት ዙሪያ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው የታክሲ ገንዘብ ብቻ ነው፡፡

እኔ ባለፈው ወር አያቴን ወደ ቀድሞ ጎረቤቷ ወሰድኋት፡፡ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ቀጥለውም ስለ ድሮ ሳይሆን ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተጨቃጨቁ፡፡ ያን ጊዜ፥ ጠፍቶ የነበረው እንደ ተመለሰ ተረዳሁ፡፡