በልብ የሚያነብ ሰው ድምፅ
(በጎተራ ለተሰበሰቡ ወላጆችና መምህራን የቀረበ ዲስኩር)



ጎተራ ማሳለጫ ሥር የሚኒባስ ረዳት «ሳሪስ፣ ቃሊቲ!» እያለ ይጣራል። መስኮት ጥግ የተቀመጠው ተሳፋሪ ደግሞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ዜና ያነባል። ጉሮሮው ሥራ ላይ ያለው ረዳቱ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ስዊድናዊው ተመራማሪ ኦኬ ኤድፌልት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በልባቸው በሚያነቡ ሰዎች የንግግር ጡንቻዎች ላይ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴን ለካ። ጽሑፉ ሲከብድ የጡንቻዎቹም እንቅስቃሴ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለሕክምና ሲባል አንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ የገባላቸውን የሚጥል በሽታ ታማሚዎች በዝምታ አስነበቧቸው። የሰው ድምፅ ስንሰማ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ማንም ሳይናገር ነቃ፤ አንባቢው ልብ ብሎ ሲያነብ ደግሞ ይበልጥ በረታ።

በልብም ሆነ ጮክ ብለን ስናነብ መነሻው አንድ ነው። ዓይን ያየው ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ በግራ በኩል ከሥር ያለ፣ ማንበብ ስንማር ለፊደል የሚሠለጥን ሥፍራ ይቀበለዋል። ድምፅ ስናወጣ ግን ከንፈርን፣ ምላስንና ትንፋሽን የሚያዝዘው ክፍል ይጨመራል፤ ጆሮም የራሳችንን ድምፅ እየሰማ ይቆጣጠራል። አንጎል የገዛ ድምፃችንን ከሌላ ሰው ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰማው፤ ከአፋችን ያላሰብነው ሲወጣ ግን ወዲያው ይነቃል።

ይህ ቁጥጥር ለእኛ ጽሕፈት የተለየ ጥቅም አለው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ዋና» የሚለው መዋኘት ይሁን የሥራ አስኪያጁ ማዕረግ፣ የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ነው። በልቡ የሚያነብ ሰው ሳይወስን ሊያልፈው ይችላል። ድምፁን ያወጣ ግን ወይ ያጠብቃል ወይ ያላላል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ መሮጡም ይህን ውሳኔ በጊዜ ለማድረስ ይረዳል።

በቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ልጁ በቀጭን እንጨት ፊደሉን እየጠቆመ መጀመሪያ ግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ ውርድ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ ያነባል። ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የአነባበብ ዓይነቶች ከለየ በኋላ ነው አንባቢ የሚባለው። የኔታ መጽሐፉን አያዩም፤ በቃላቸው ስለሚያውቁት ጆሯቸው ይበቃቸዋል። ወዳቂውን ተነሽ ያደረገ ልጅ እዚያው ይታረማል። «ሽምደዳ» ብለን ያጣጣልነው ትምህርት ከዓይን እስከ ጉሮሮ ያለውን መንገድ በሚገባ ጠርጎታል። በእርግጥ ብዙው ልጅ የሚያነበውን ግእዝ አይረዳውም ነበር፤ የድምፁ መንገድ ሲጠረግ የትርጉሙ ይቀር ነበር። ትችቱ እዚህ ላይ ልክ ነው።

ለማትሪክ እየተንጎራደደ ጮክ ብሎ የሚያጠናውም ተማሪ አልተሳሳተም። ካናዳዊው ተመራማሪ ኮሊን ማክላውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ጮክ ተብለው የተነበቡ ቃላት በልብ ከተነበቡት ይበልጥ ይታወሳሉ። ሁሉንም ጮክ ብሎ ካነበበ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ቃሉን ከሌሎቹ የሚለየው ነገር ይጠፋልና። ድምፅ መውጣት ያለበት ለዋና ዋናው ነው። ፍጥነትም ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእንግሊዝኛ አንድ ጎልማሳ በደቂቃ በአማካይ 238 ያህል ቃላት በልቡ፣ 183 ያህል ደግሞ በድምፅ ያነባል። ረጅም መጽሐፍ ጮክ ብሎ መጨረስ ለማንም አይመከርም።

የሚያሳስበኝ ትንሹ ልጅ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ በአንድ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ሲደረግ፣ 34 በመቶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ክፍሉ በኅብረት ሲያነብ እንዲህ ያለው ልጅ አፉን ከጓደኞቹ ጋር እያንቀሳቀሰ ያነበበ ሊመስል ይችላል። በዝምታ ንባብ ጊዜም ገጽ መግለጥ ይበቃዋል። የሚታወቀው ለብቻው ሲደመጥ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለያንዳንዱ 1 ደቂቃ ቢሰጥ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል። በንባብ ቤት ግን ትልቁ ተማሪ ትንሹን እያስነበበ የኔታን ያግዝ ነበር። ይህ በጎተራ ትምህርት ቤቶች ይሠራ እንደሆነ፣ መምህራን፣ አሁን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ።