ስለ ሰማያዊው ቶጳዝዮን
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በውጭ አገር የምትሠራው አክስቴ ለእናቴ ሰማያዊ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ላከችላት። «ቶጳዝዮን ይባላል፤ በታኅሣሥ የተወለደ ሰው ዕንቍ ነው» ብላም ጻፈች። ከጥቂት ወራት በኋላ ፈርጡ ወለቀ። እናቴ ለማስጠገን ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ብትወስደው፥ «ይህማ ቀለም የገባበት ብርጭቆ ነው» አላት። እርስዋም ምንም ሳትናገር ፈርጡን በመሐረብ ቋጥራ ሣጥን ውስጥ አኖረችው። እኔ ግን አክስቴ ዋሽታ ይሆን ወይስ ተታልላ እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ ለሳይንስ መምህራችን አሳየሁት። በቤተ ሙከራችን ሚዛን 2.10 ግራም፥ በክር ተንጠልጥሎ በውኃ ውስጥ ሲመዘን 1.50 ግራም ሆነ። ልዩነቱ 0.60 ስለ ሆነ፥ ድንጋዩ በመጠን ከሚተካከለው ውኃ 3.5 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ተራ ብርጭቆ ግን 2.5 ያህል ነው። በጠርዙም ኳርትዝ የተባለውን ድንጋይ ጫረው፤ ብርጭቆ ይህን ማድረግ አይችልም። ሁለቱም ከቶጳዝዮን ጠባይ ጋር ይስማማሉ። ቶጳዝዮን አልማዝ 10 በሆነበት የጥንካሬ መለኪያ 8 ነው። ዳሩ ግን በአንድ ወገን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ከመውደቅ ሊጠብቁት ይገባል።

እንግዲህ ወርቅ ሠሪው ፈጽሞ ተሳስቷልን? ስለ ቀለሙስ ጥቂት እውነት ነበረው። ቶጳዝዮን ከመሬት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ቀለም የለውም፤ በተፈጥሮ ሰማያዊ የሆነው ጥቂት ነው፥ እርሱም ፈዛዛ ነው። ዛሬ በገበያ የሚታየው ደማቅ ሰማያዊ ከሞላ ጐደል ሁሉም፥ ቀለም የሌለው ድንጋይ በሪአክተር ወይም በኤሌክትሮን ማፍጠኛ መሣሪያ በጨረር ተመትቶ፥ ኋላም በሙቀት ተግሎ የተገኘ ነው። ሙቀቱ ቡናማውን አጥፍቶ ሰማያዊውን ያስቀራል። በሪአክተር የተመታው ድንጋይ ርዝራዥ ጨረሩ እስኪደክም ድረስ ለወራት፥ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ተጠብቆ ይቆያል። ስለዚህ ድንጋዩ እውነተኛ፥ ቀለሙ ግን የሰው ሥራ ነው። ይህን ደብቆ የሚሸጥ ነጋዴ ያታልላል፤ ገልጦ የሚሸጥ ግን ነውር የለበትም።

ለአክስቴ ብጽፍላት፥ ቀለሙ በጨረር የተገኘ መሆኑ በደረሰኙ ላይ ተጽፎ እንደ ነበር፥ እርስዋም ትርጕሙን ሳታስተውለው እንዳለፈች መለሰችልኝ። ስለ ልደቱ ወር ግን ሁላችንም ተሳስተን ነበር። የልደት ዕንቍ ልማድ ጥንታዊ ቢሆንም፥ ዛሬ የታወቀው ዝርዝር መሠረቱ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1912 በአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር የወጣው ነው። ቶጳዝዮን የኖቬምበር፥ ሰማያዊው ግን ብዙ ጊዜ የዲሴምበር ይባላል። እናቴ የተወለደችው ታኅሣሥ 24 ቀን ስለ ሆነ፥ በፈረንጆች ጃንዩዋሪ ገብቷል! ይህን ስነግራት ከልብዋ ሳቀች።

የድንጋዩ ስም እንኳ ተዛውሮ የመጣ ነው። የጥንት ሰዎች ቶጳዝዮን ያሉት በቀይ ባሕር ከምትገኘው ከዘበርጋድ ደሴት የሚወጣውን፥ ዛሬ ፔሪዶት የሚባለውን አረንጓዴ ድንጋይ እንደ ነበር ሊቃውንት ይናገራሉ። መጽሐፈ ኢዮብም በምዕራፍ 28 ቍጥር 19 የኢትዮጵያን ቶጳዝዮን አንሥቶ፥ ጥበብ ከርሱ እንደምትበልጥ ያስተምራል። ስም ይዛወራል፥ ቀለምም ይለወጣል፤ መርምሮ ማወቅ ግን ከሐሜትና ከጥርጣሬ ያድናል። እኔ አክስቴን በልቤ የፈረድሁባት ሳልመዝን ነበርና አፍራለሁ።

እናቴ ፈርጡን በሌላ ባለሙያ አስጠግና ዛሬ በጣቷ አድርጋ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል።