ቁልፎችን ለእጅ ስለ ማስማማት
(በተማሪዎች የንግግር ሰዓት የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ኢማክስ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም የቁልፎችን ትእዛዝ እንደ ፈቃድ ስለ መለወጥ ነው። ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ አገር በኤም.አይ.ቲ. ተጀመረ፤ በ1985 ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን እንደገና ጽፎ፥ ማንም ሰው እንዲገለብጠውና እንዲያሻሽለው ፈቅዶ አወጣው።

በዚህ ፕሮግራም ብዙው ትእዛዝ የሚሰጠው ተከታትለው በሚመቱ ቁልፎች ነው። ጽሑፍን ለማስቀመጥ ኮንትሮልን ይዞ ኤክስ፥ ቀጥሎም ኮንትሮልን ይዞ ኤስ መምታት ያስፈልጋል። ጀማሪው «ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው?» ይላል። ነገር ግን ይህን ልማድ ከእኛ ይልቅ ማን ያውቀዋል? በላቲን ቁልፎች «ላ» ብለን ስንጽፍ ኤልን መትተን ኤን እናስከትላለን፤ ዩን ብናስከትል «ሉ» ይሆናል። ኮንትሮል ኤክስም እንዲሁ ብቻውን ምንም ሳይሠራ የሚከተለውን ይጠብቃል። ወደ ብዙ ክፍሎች የሚያስገባ በር ነው ማለት ይቻላል።

ችግር የሚመጣው ሰው ሳያውቅ በሩን ሲዘጋው ነው። ለኮንትሮል ኤክስ ለራሱ አንድ ሌላ ሥራ የሰጠ ተማሪ፥ ከበሩ በስተኋላ ያሉትን ሁሉ፥ ማስቀመጡንም ከፕሮግራሙ መውጣቱንም፥ ከእጁ ያጣል። በአንጻሩም አስቀድሞ ሙሉ ትእዛዝ ከያዘ ቁልፍ ላይ ሌላ ቁልፍ ልቀጥል ቢል፥ ፕሮግራሙ ቁልፉ መግቢያ አይደለም ብሎ ይመልሰዋል።

እንግዲህ የት እንሥራ? በደንቡ መሠረት ኮንትሮል ሲ ተመትቶ አንድ ተራ ፊደል የሚከተልበት ቦታ ሁሉ ለተጠቃሚው የተተወ ነው፤ የፕሮግራም ደራሲዎች እንዳይነኩት ተነግሮአቸዋል። በበኩሌ ከደንቦቹ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ፤ ግብር የሌለበት ርስት ነውና! እዚያ ላይ በቀን ሃያ ጊዜ የምንሠራውን እናስቀምጥ እንጂ በወር አንድ ጊዜ የምንፈልገውን አናጣብብበት። ለምሳሌ ቀን የሚጽፍልንን ትእዛዝ ለኮንትሮል ሲና ለዲ መስጠት ይቻላል። ይህም እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በ29ኛው እትም በገባው ኪማፕ ሴት በሚባለው ትእዛዝ፥ በማስጀመሪያው ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፋል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። የኢማክስን የራሱን የግዕዝ ፊደል አጻጻፍ ከከፈትን፥ ከኮንትሮል ሲ በኋላ የሚመታው ዲ እንደ ዲ ይቆጠራል፤ ትእዛዙም ይሠራል። ነገር ግን አማርኛውን የከፈትነው ከፕሮግራሙ ውጭ፥ በኮምፒዩተሩ በኩል እንደ ሆነ፥ ዲው «ድ» ሆኖ ሊደርሰውና ትእዛዙን አላውቀውም ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ወይ በፊተኛው መንገድ መጻፍ፥ ወይም ያንኑ ትእዛዝ ለ«ድ»ም ደግሞ መስጠት ነው።

ብዙ ተማሪዎች በአንድ ስም በሚገቡበት ኮምፒዩተር ላይ ግን የአንዱ ለውጥ የሌላውን እጅ ያሳስታል። ስለዚህ እያንዳንዳችን የማስጀመሪያ ፋይላችንን ለይተን እንያዝ። አዲስ ቁልፍም ከመያዛችን በፊት ኮንትሮል ኤችን፥ ቀጥሎ ኬን፥ ቀጥሎም የፈለግነውን ቁልፍ ብንመታ፥ ባለቤት ያለው መሆኑንና አለመሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ይነግረናል።