ቡችላን ለአደራ ስለ ማዘጋጀት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተ ሰብ ወደ አገር ቤት ሲጓዝ፥ ቡችላው ለጎረቤት በአደራ ይሰጣል። ስንቁና ጓዙ ከሳምንት በፊት ሲሰናዳ፥ ውሻው ግን የሚታሰበው በመነሻው ዋዜማ ነው። ይህ አይበጅም።

አስቀድሞ የሚያስፈልገው ክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ኃይል እስኪያገኝ ሳምንታት ስለሚወስድ፥ ከጉዞው ከአንድ ወር በፊት ማስከተብ ይገባል። ቡችላ በጨዋታ እንኳ ይነክሳል፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ልጆች ላሉበት ቤት አይሰጥም።

ሁለተኛው ማለማመድ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፥ አደራ ተቀባዩ አስቀድሞ በእጁ ያብላው። መጀመሪያ አንድ ሰዓት፥ ቀጥሎ ግማሽ ቀን፥ ከዚያም አንድ ሌሊት እዚያው ይቈይ። ምግብ በድንገት ሲለወጥ ሆዱ ይታወካልና፥ የለመደውን ምግብ ከሚተኛበት ጨርቅ ጋር አብሮ መላክ ያስፈልጋል።

ወገኖቼ፥ አደራ በላ ተብሎ የሚወቀሰው ዘወትር ተቀባዩ ነው። ነገር ግን ሳያዘጋጅ የሚሰጥም ሰው ከወቀሳው አያመልጥም።